ደካማው አስ፦ ከካርታ ጨዋታ የምንማረው የዕድል ስሌት

እንደሚታወቀው፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዕድል ስሌት (ፕሮባብሊቲ) ትምህርት ሲጀመር መምህሩ አስቀድሞ የሚያነሣው ሳንቲምን ነው፤ ቀጥሎ ዳይስን፣ በመጨረሻም 52 ቅጠል ያለውን ካርታ። ተማሪው ቀመሩን ይሸመድዳል፣ ፈተናውን ያልፋል፤ ይሁን እንጂ ያ ቀመር አንድን ውሳኔ እንዴት እንደሚለውጥ ሳያይ ምዕራፉ ያልቃል። በዚህ ጽሑፍ አንድ ጠባብ ጥያቄ ብቻ ይዘን፣ እርሱን እስከ መጨረሻው ለመከተል እንሞክራለን። ጥያቄው በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቀው የፖከር ዓይነት፣ «ቴክሳስ ሆልደም» ከሚባለው ጨዋታ የተወሰደ ነው፦ አንድ ተጫዋች አስና ከአስ ጋር ተመሳሳይ ምልክት ያለው አነስተኛ ካርታ፣ ለምሳሌ የስፔድ አስና የስፔድ 5፣ ቢደርሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ላደገ ሰው ገበጣ እንግዳ አይደለም። ገበጣ ጥልቅ ስሌት የሚጠይቅ ጨዋታ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በአገራችንና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የገበጣ ዓይነቶች መዝግቦልናል። ነገር ግን በገበጣ የተሰወረ ነገር የለም። ጠጠሩ ሁሉ በጉድጓዱ ውስጥ ይታያል፤ የተሸነፈ ሰው የተሸነፈው አርቆ ባለማስላቱ ነው። ሰንጠረዥም እንደዚሁ ነው። ካርታ ግን ከዚህ ይለያል። በከተሞቻችን ወጣቶች የሚያዘወትሩት ኮንከርም ሆነ ፖከር ተጫዋቹን የሚፈትነው ባላየው ነገር ላይ እንዲወስን በማስገደድ ነው። የፊዚክስ ተማሪ ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል፤ የፕላኔትን ጉዞ ማስላትና በዕቃ ውስጥ የታመቀን የጋዝ ቅንጣት ሁኔታ መገመት እንደሚለያዩት ያህል ይለያያሉና።

ጨዋታው በአጭሩ

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን ሕጉን በጥቂቱ እናስረዳ። እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ ብቻ የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይታደሉታል። ከዚያም የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች መሐል ላይ በግልጽ ይዘረጋሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ላይ (ፍሎፕ)፣ ቀጥሎ አንድ (ተርን)፣ በመጨረሻም አንድ (ሪቨር)። ከሰባቱ ካርታዎች የተሻለውን አምስት ያሰባሰበ ያሸንፋል። ካርታ ከመዘርጋቱ በፊትና ከእያንዳንዱ ዝርጋታ በኋላ ውርርድ አለ፤ «ገደብ የለሽ» የሚባለውም ተጫዋቹ በማንኛውም ጊዜ በፊቱ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ማስያዝ ስለሚችል ነው። አምስቱም ካርታዎች አንድ ዓይነት ምልክት (ሁሉም ስፔድ፣ ወይም ሁሉም ልብ፣ ወዘተ.) ከሆኑ «ፍለሽ» ይባላል፤ ከባድ እጅ ነው። አምስቱ በቁጥር ከተከታተሉ «ስትሬት» ይባላል፤ ከፍለሽ ያንሳል። መሐል የተከማቸውን ገንዘብ በዚህ ጽሑፍ «መደብ» እንለዋለን።

አስ፣ ማለትም የ«ኤ» ፊደል የተጻፈበት ካርታ፣ ከሁሉም ይበልጣል። ጀማሪ ተጫዋች አስ ባየ ጊዜ ልቡ የሚሞቀውም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ካርታ ምልክቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ ደስታው እጥፍ ይሆናል። ይህ ደስታ ምን ያህል በስሌት የተደገፈ ነው?

መጀመሪያ መቁጠር

ከ52 ካርታዎች ሁለቱን በ1326 የተለያዩ መንገዶች መምረጥ ይቻላል (52 ሲባዛ በ51፣ ለ2 ሲካፈል)። ከ2 እስከ 9 ካሉት ካርታዎች በአንዱ የታጀበ ባለ አንድ ምልክት አስ በስምንት ቁጥርና በአራት ምልክት 32 ዓይነት ነው። 32 ለ1326 ሲካፈል 2.4 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ከ41 እጅ አንዱ ማለት ነው። በሰዓት 30 እጅ ይታደላል ብንል፣ ተጫዋቹ እንዲህ ያለውን እጅ በሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ አያገኝም።

ይህ እጅ ካገኘን በኋላ ፍለሽ የሚሆነው በስንት ጊዜ ነው? ሁለት ስፔድ ይዘናል፤ በቀሩት 50 ካርታዎች ውስጥ 11 ስፔዶች አሉ። ፍሎፑ ሦስቱም ስፔድ የሚሆንበት መንገድ 165 ነው፤ ጠቅላላው የፍሎፕ ብዛት 19600። ውጤቱ 0.84 በመቶ፣ ማለትም ከ119 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከፍሎፑ ሁለቱ ብቻ ስፔድ ሆነው «አንድ የጎደለው ፍለሽ» የምንይዝበት ዕድል 10.9 በመቶ ነው። አምስቱም ካርታዎች እስኪዘረጉ ብንጠብቅ፣ ቢያንስ ሦስት ስፔድ የሚወርድበት ዕድል 6.4 በመቶ ይሆናል፤ ከ16 አንዱ ገደማ ማለት ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እናባዛቸው። 2.4 በመቶ በ6.4 በመቶ ሲባዛ ከ650 እጅ ገደማ አንዱ ይሆናል። በሰዓት 30 እጅ የሚጫወት ሰው፣ እንዲህ ያለውን አስ አንድ ጊዜም ሳይጥል እስከ መጨረሻው ቢይዝ፣ አንድ ፍለሽ ለማየት በአማካይ ከ21 ሰዓት በላይ መቀመጥ አለበት! ተጫዋቾች ግን ያቺን አንዲት ማታ ያስታውሳሉ እንጂ በመካከል ያለፉትን ሰዓታት አይቆጥሩም።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። የስፔድ አስና የስፔድ 5 ከማናቸውም በዘፈቀደ ከታደለ እጅ ጋር እስከ መጨረሻ ቢጋጠም 60 በመቶ ገደማ ያሸንፋል። ምልክታቸው የተለያየ አስና 5 ደግሞ ከ57 እስከ 58 በመቶ። እንግዲህ የምልክት አንድነት የሚጨምረው ከሁለት እስከ ሦስት በመቶ ብቻ ነው። ጀማሪው የሚመካበት ነገር በዚህ መለኪያ እጅግ ትንሽ ነው። እንደዚያም ሆኖ የበሰሉ ተጫዋቾች ሁለቱን እጆች በፍጹም በአንድ ዓይን አያዩአቸውም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የአስ ወጥመድ

ተጫዋቹ ፍለሽ ባያገኝ ሌላ አስ ሊያገኝ ይችላል። ከፍሎፑ ቢያንስ አንዱ አስ የሚሆንበት ዕድል 17.3 በመቶ ነው፤ ከፍለሽ ይልቅ በብዙ እጥፍ የሚከሰት ነገር ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ተጫዋችም አስ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ጥንድ አስ ካላቸው የሚለያቸው ሁለተኛው ካርታ ነው፤ 5 ደግሞ በንጉሥ (ኪንግ) ፊት ምንም አይደለም።

ዘጠኝ ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አንድ አስ ይዘናል እንበል። ሦስት አሶች ቀርተዋል፤ ስምንቱ ተቃዋሚዎች 16 ካርታ ይዘዋል። ከእነርሱ አንዳቸውም አስ ያልያዙበት ዕድል (34 × 33 × 32) ለ(50 × 49 × 48) ሲካፈል ነው፤ 30.5 በመቶ። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰው ሌላ አስ የያዘበት ዕድል 70 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ተቃዋሚ ብቻ ቢሆን ግን 11.8 በመቶ ይሆናል። አንድ ዓይነት ካርታ በጠረጴዛው ዙሪያ ባለው የሰው ብዛት ዋጋው እንዲህ ይለዋወጣል።

አንባቢ «ሁሉም አስ የያዘ ሰው ከ5 የበለጠ አጋዥ ካርታ አለው ማለት አይደለም» ሊል ይችላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያለው የዕድል ስሌት ይገባል። አስና 2 ወይም አስና 3 የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ገና በመጀመሪያው ውርርድ ካርታውን ይጥላል። በጨዋታው የሚቆየውና ገንዘብ የሚጨምረው አስና ንጉሥ ወይም አስና ንግሥት የያዘው ነው። ስለሆነም ፍሎፑ ላይ አስ ወርዶ ተቃዋሚው በብዛት ሲወራረድ፣ የእርሱ አስ ከእኛ የተሻለ አጋዥ ያለው የመሆኑ ዕድል ከመጀመሪያው ግምት እጅግ ከፍ ይላል። አስና 5 ከአስና ንጉሥ ጋር ቢጋጠም ከአሥር ጊዜ ሰባት ያህሉን ይሸነፋል። በደካማ አስ የሚጠፋው ገንዘብ አብዛኛው በዚህ መንገድ የሚጠፋ ነው፤ ተጫዋቹ ካርታው ሳይመጣለት ቀርቶ ሳይሆን፣ የጠበቀው ካርታ መጥቶለት ይበላል።

ከ9 ይልቅ 5 ለምን ይሻላል?

አስና 9 ከአስና 5 የሚበልጥ ይመስላል። ይሁን እንጂ አስ በስትሬት ውስጥ ሁለት ቦታ አለው፦ ከላይ (10፣ ጃክ፣ ንግሥት፣ ንጉሥ፣ አስ) እና ከታች (አስ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5)። አስንና 9ኝን በአንድነት የያዘ ስትሬት የለም፤ በ6፣ በ7 እና በ8 እንዲሁ። አስና 5 ግን 2፣ 3 እና 4 ከመጡለት ስትሬት ይሆናል። በፍሎፕ ላይ ብቻ ይህ የሚሆንበት ዕድል 0.33 በመቶ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ከፍለሹ ጋር ሲደመርና በከፊል የተሟሉት ሁኔታዎች ሲጨመሩ ልዩነት ይፈጥራል። 9 የሚጠቅመው ጥንድ ሲወጣለት ወይም አጋዥ ካርታ ሲያስፈልግ ነው፤ ያ ደግሞ ከላይ እንዳየነው በወጥመድ የተከበበ ሥፍራ ነው።

ካርታ የመግዛት ዋጋ

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። ፍሎፑ ሁለት ስፔድ አሳይቷል፤ የእኛን ጨምሮ አራት ስፔድ አለን። ካላየናቸው 47 ካርታዎች ዘጠኙ ስፔድ ናቸው። በሚቀጥለው አንድ ካርታ ፍለሽ የመሙላት ዕድል 9 ለ47፣ ማለትም 19.1 በመቶ ነው፤ ሁለቱም ካርታዎች እስኪዘረጉ ቢጠበቅ ደግሞ 35 በመቶ።

መደቡ 100 ብር ነው፤ ተቃዋሚው 50 ብር ተወራረደ። እኛ 50 ብር ከፍለን 150 ብር ለማግኘት እንሞክራለን። ይህ ክፍያ ተገቢ የሚሆነው ቢያንስ 25 በመቶ ካሸነፍን ነው (50 ለ200 ሲካፈል)። የእኛ ግን 19.1 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ኪሣራ ይመስላል። ሆኖም ስሌቱ አላለቀም። ስፔዱ ሲመጣ ተቃዋሚው ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፍለን ይችላል። ይህን ተጨማሪ ብር «ሸ» እንበለው። ከ47 ጊዜ 38ቱን 50 ብር እናጣለን፤ ዘጠኙን 150 ሲደመር «ሸ» እናገኛለን። ሚዛኑ የሚጠበቀው 38 × 50 = 9 × (150 + ሸ) ሲሆን ነው። ሸ = 61 ብር ገደማ። እንግዲህ ጥያቄው «ስፔድ ይመጣልኝ ይሆን?» ከሚለው ተለውጦ «ስፔድ ቢመጣ ይህ ሰው በአማካይ ከ61 ብር በላይ ይከፍለኛልን?» ወደሚል ይዞራል። ይህኛው ጥያቄ የሚመለሰው ሰውየውን በማጥናት፣ እንዲሁም በፊቱ የቀረውን ገንዘብ በመቁጠር ነው፤ 40 ብር ብቻ ከቀረው መልሱ ያለ ምንም ክርክር አይከፍልም ነው።

በሐይቅ ላይ መረቡን የሚጥል ዓሣ አጥማጅ ይህን ስሌት ሳይጻፍለት ያውቀዋል። በየማለዳው የሚያወጣው ድካም ትንሽና የታወቀ ነው፤ ብዙ ቀን የሚያገኘውም ጥቂት ነው። ሥራውን የሚያዋጣለት መረቡ የሞላበት ቀን ነው፤ ያም ቢሆን ዓሣውን የሚገዛው ሰው ካለ ብቻ ነው።

ባለ አንድ ምልክት አስ ከሌሎች ባለ አንድ ምልክት ካርታዎች የሚለይበት ዋነኛው ነገርም እዚህ ላይ ይታያል። የስፔድ 7ና 4 የያዘ ሰው ፍለሽ ቢሞላለትም ከእርሱ የበለጠ ስፔድ የያዘ ሰው ሊኖር ስለሚችል ገንዘቡን ሁሉ ሲያስይዝ ይሰጋል። የአስ ፍለሽ ግን ከፍለሾች ሁሉ የበላይ ነው፤ መሐል ያሉት ካርታዎች ጥንድ ካላሳዩ ወይም ተከታታይ ባለ አንድ ምልክት ካልሆኑ በስተቀር የሚረታው የለም። ስለዚህ አነስተኛ ፍለሽ የያዘው ተቃዋሚ ራሱ ትልቁ ከፋያችን ይሆናል። ያ ከላይ ያየነው የሁለትና የሦስት በመቶ ልዩነት ትንሽ መስሎ የታየን የማሸነፍን ብዛት ብቻ ስለለካን ነው። የማሸነፉ መጠን ሲለካ ታሪኩ ይለወጣል።

ቮን ኖይማንና የማስመሰል ውርርድ

የሒሳብ ሊቁ ጆን ቮን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጽሑፍ ለጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ጣለ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ባወጣው መጽሐፍም ቀለል ያለ ፖከርን በሒሳብ ተንትኗል። ከውጤቶቹ አንዱ የሚገርም ነው፦ ደካማ ካርታ ይዞ አልፎ አልፎ እንደ ብርቱ መወራረድ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሒሳቡ ራሱ የሚያዝዘው ነገር ነው። ፈጽሞ የማያስመስል ተጫዋች በተወራረደ ቁጥር ሁሉም ካርታውን ይጥልበታልና።

ነገር ግን በየትኛው ካርታ ማስመሰል ይሻላል? መደቡ 100 ብር ሆኖ 100 ብር እንወራረድ፤ ተቃዋሚው ከ100 ጊዜ 40ውን ይጥላል እንበል። የያዝነው ምንም ተስፋ የሌለው ካርታ ከሆነ፣ በ40ው 100 ብር እናገኛለን፣ በ60ው 100 ብር እናጣለን፤ አማካዩ የ20 ብር ኪሣራ ነው። አንድ የጎደለው ፍለሽ ይዘን፣ በፊታችን የቀረውን ገንዘብ ሁሉ አስይዘን ሁለቱን ካርታዎች የምናይ ከሆነ ግን፣ በ60ው ጊዜ 35 በመቶውን 200 ብር እናተርፋለን፣ 65 በመቶውን 100 ብር እናጣለን፤ ይህ በአማካይ የ5 ብር ትርፍ ነው። አጠቃላዩ 40 ሲደመር 3፣ ማለትም 43 ብር ትርፍ ይሆናል። በአንድ ዓይነት ውርርድ ላይ የ63 ብር ልዩነት የተፈጠረው፣ ተቃዋሚው ባያምነንም እንኳ መውጫ መንገድ ስላለን ነው።

ሁለተኛም ጥቅም አለ። አስ በእጃችን ካለ ተቃዋሚው ሊይዛቸው የሚችሉት ብርቱ ካርታዎች ይቀንሳሉ። ጥንድ አስ ከ6 መንገድ ወደ 3፣ አስና ንጉሥ ከ16 ወደ 12 ይወርዳል፤ ጥንድ ንጉሥ 6 እንዳለ ይቀራል። በድምሩ ከ28 ወደ 21 ማለት ነው፤ ሩቡ ጠፋ። ዛሬ ተጫዋቾች በሚያጠኑባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ ባለ አንድ ምልክት አስና 5 ወይም አስና 4 ብዙውን ጊዜ ለማስመሰል የሚመረጡት በእነዚህ ምክንያቶች ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ሊብራተስ» የተባለው ፕሮግራም አራት ታዋቂ ባለሙያ ተጫዋቾችን በ120,000 እጅ በግልጽ ብልጫ ረትቷል። ለፕሮግራሙ የሰው ፊት መመልከት አላስፈለገውም።

ዕድልን በእጅ መለካት

እ.ኤ.አ. በ1946 ስታኒስላው ኡላም የተባለው ሊቅ ከሕመም እያገገመ ብቻውን ካርታ ሲጫወት፣ ጨዋታው የሚሳካበትን ዕድል በቀመር ለማግኘት ከበደው። ይልቁንስ ብዙ ጊዜ ተጫውቶ ለምን አይቆጥርም? ከዚህ አሳብ ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ «ሞንቴ ካርሎ» ብሎ የሰየመው ዘዴ ተወለደ፤ የኒውትሮንን ጉዞ ለማስላት ዋለ፤ ዛሬም በፊዚክስ ክፍላችን በየዕለቱ እንጠቀምበታለን። ተማሪው ኮምፒውተር ባይኖረውም ሊሞክረው ይችላል። የስፔድ አስንና 5ን ለይቶ ያስቀምጥ፤ የቀሩትን 50 በሚገባ በውዞ አምስት ይዘርጋ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ስፔድ ከወረደ ይመዝግብ። በ100 ሙከራ የሚጠበቀው 6 ያህል ነው፤ መደበኛ ልዩነቱ 2.4 ስለሆነ ከ2 እስከ 11 ያለው ቁጥር ሁሉ የማያስደንቅ ነው። አንዱ ተማሪ 2፣ ጎረቤቱ 10 ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለቱም በትክክል ሠርተዋል። አንድ ሌሊት ቀንቶት 10 ያገኘ ተጫዋች ስለራሱ ችሎታ ምን እንደሚያስብ አንባቢ ይገምት።

በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ያልገባ አንድ ተቀማጭ አለ፤ እርሱም ቤቱ ነው። ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 1000 ብር ይዘው ተቀመጡ እንበል፤ አጫዋቹ ቤት ከእያንዳንዱ እጅ 20 ብር ይወስዳል። በሰዓት 30 እጅ ከተጫወቱ ቤቱ በሰዓት 600 ብር ያነሣል፤ አዲስ ገንዘብ ካልገባ በ15 ሰዓት ውስጥ 9000ው ብር በሙሉ ከጠረጴዛው ጠፍቷል። ሰበቃ (ፍሪክሽን) የፔንዱለምን ጉልበት እንደሚጨርሰው ማለት ነው። ከላይ የደከምንበትን አንድ ፍለሽ ለማየት በአማካይ ከ21 ሰዓት በላይ እንደሚያስፈልግም እናስታውስ። በከተሞቻችን የታዩት የስፖርት ውርርድ ቤቶችም አሠራራቸው በዝርዝር ይለይ እንጂ የቤቱ ድርሻ በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ የተካተተ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰውየው የሚጋጠመው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ዋጋውን ካወጣው ራሱ ጋር ነው።

ለአንባብያን የቀረበ ጥያቄ

የስፔድ አስና የስፔድ 5 ይዘዋል። ፍሎፑ የስፔድ 3፣ የስፔድ 9 እና የልብ 4 ነው። ፍለሽ ወይም ስትሬት የሚሞላልዎ ካርታ ስንት ነው? በሚቀጥለው አንድ ካርታ፣ እንዲሁም በሁለቱ ካርታዎች የመሙላት ዕድሉን ያስሉ። አራቱን 2ቶች ዘጠኙ ስፔዶች ላይ ደምረው 13 ካገኙ አንዱን ካርታ ሁለት ጊዜ ቆጥረዋል፤ ትክክለኛው 12 ነው፣ ዕድሉም 25.5 እና 45 በመቶ ሊወጣልዎ ይገባል። ከዚያ ወደ ከባዱ ክፍል ይለፉ፦ የልብ 2 መጥቶ ስትሬት ቢሞላልዎ፣ 5ና 6 የያዘ ተቃዋሚ ምን ሠራ?